ከረጢቱን ሳይሆን ትሉን ግዙ፦ የደብረ ማርቆስ ልጆች የትል ማዳበሪያ ሲፈተሽ

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገርና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወጣቶች ተደራጅተው የሚሸጡት የትል ማዳበሪያ ጥሩ ዕቃ ነው። ለችግኝ፣ ለካሮትና በባልዲ ለሚተከል ነገር ዓይኔን ሳላሽ እገዛዋለሁ። ጓሮውን ሙሉ በእሱ አለብሳለሁ ካላችሁ ግን ኪስ ይጎዳል። ለዚያ የእናቶቻችን ፍግና አመድ ይበቃል። የሚያዋጣው ትሉን ገዝቶ ቤት ማርባት ነው። ልጆቹ ይህን ቢሰሙ ቅር ሊላቸው ይችላል። ግን ትሉንም የሚሸጡት እነሱው ናቸው።

ጓሮዬ ትንሽ ናት። አምስት በአሥር፣ ሃምሳ ካሬ ገደማ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጥግ ጥጉን ደግሞ ጤና አዳምና በሶብላ። የጀመርኩት መንገድ እየተዘጋ የአትክልት ዋጋ አልቀመስ ባለ ጊዜ ነው። አሁን መንገዱ ተከፈተም ተዘጋም ጎመን አልገዛም። በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ለጓሮው ያወጣሁትን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ባለቤቴ «ጎመን ኦዲት የምታደርግ ሴት አገባሁ» እያለ ይስቅብኛል።

የቤታችን የግብርና ባለሥልጣን ግን አማቴ ናቸው። ጎዛምን ገጠር ነው ያደጉት። በልጅነታቸው ማዳበሪያ በከረጢት አይመጣም ነበር። በረቱን ከቦታ ቦታ እያዛወሩ ከብቱን ማሳው ላይ ያሳድሩ ነበር። እበቱም ሽንቱም እዚያው መሬቱ ላይ ይቀራል። የቤቱ አመድና ጥራጊ ጓሮ ይደፋል፤ ዱባውና ጎመኑ እዚያ ላይ ይበቅላል። ከብት ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አላየሁም። ችግሩ እኛ ከተማ ነው ያለነው። ላም ያላቸው ጎረቤቶችም እበቱን ጠፍጥፈው ኩበት አድርገው ይሸጡታል። አንድ ጋሪ ፍግ ለማግኘት ሰው ማስጠየቅ፣ መለማመጥ አለ። ወደ ትሉ የወሰደኝ ይኸው ነው።

ከረጢቱን ባጃጅ ላይ ጭኜ ስገባ አማቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የትል ማዳበሪያ ነው እማዬ።»

«ትል በብር ገዛሽ? ኧረ ጉድ! ጓሮውን ብትቆፍሪው መች ይጠፋ ነበር?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ለልጆቹ አቅርቤላቸው ነበር፤ የሰጡኝ መልስ አጥጋቢ ነው። መሬት ስንቆፍር የምናገኘው ትል ባብዛኛው አፈር ውስጥ ጠልቆ የሚኖር ነው። ሳጥን ውስጥ ቢያስገቡት አይበረክትም። እነሱ የሚያረቡት ቀዩ ትል፣ ባለሙያዎች ኤይሴኒያ ፌቲዳ የሚሉት፣ ላይ ላዩን በሚበሰብስ ቅጠልና ፍግ ውስጥ ነው ኑሮው። ተጨናንቆ መኖር አይከብደውም፤ ቶሎ ይራባል። ሲመቸው በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል። የሚያወጣው ኩስ ነው ማዳበሪያው።

ቦታቸው ለዓይን የሚስብ አይደለም። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ በላዩ ሸራ፣ ውስጡ በብሎኬት የተሠሩ ረጃጅም ገንዳዎች። ገንዳዎቹ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍነዋል። መስተንግዶአቸው ግን ጥሩ ነው። «እትዬ፣ ግቢ፣ እጅሽን አስገቢና እዪው» ይላሉ። የሚደብቁት ነገር የለም። ጆንያውን ገለጥ ሲያደርጉት ቀያዮቹ ትሎች ብርሃኑን ሸሽተው ወደ ውስጥ ይገባሉ።

የከረጢቱን ውስጥ ቤት ደርሼ በደንብ አየሁት። አንድ እፍኝ አወጣሁና በጤፍ ወንፊት ሳይሆን በአሮጌው የሽሮ ወንፊት ነፋሁት፤ አማቴ የጤፉን አያስነኩም። የወረደው ጥቁር ነው፣ ከተፈጨ ቡና ትንሽ ሻከር ይላል። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። የትል ማዳበሪያ እበት እበት ከሸተተ አልበሰለም ማለት ነው፤ ይህኛው በስሏል። ወንፊቱ ላይ የቀረው ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት፣ ጥቂት የጭድ ስባሪ፣ የጆንያ ክርና ትንንሽ ቢጫ ፍሬዎች ነበሩ። ፍሬዎቹ ከጎመን ዘር ተለቅ ይላሉ፣ ጫፍና ጫፋቸው ሾጠጥ ብሏል። የትሉ እንቁላሎች ያሉባቸው ቅርፊቶች ናቸው። ከአንዱ ብዙ ጊዜ ከሁለት በላይ ትል ይወጣል። እነዚህን መልሼ አንድ ባልዲ ውስጥ ከእርጥብ ካርቶን ጋር ጨመርኳቸው። ከጊዜ በኋላ ባልዲው ውስጥ ክር የሚያካክሉ ትሎች ታዩ። ስለዚህ ከረጢት የገዛ ሰው ሳያውቀው ትልም ገዝቷል። ልጆቹ ይህን በማስታወቂያቸው አይናገሩም። እኔ ልናገርላቸው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የ25 ኪሎው ከረጢት 500 ብር ነው። ክረምት ላይ የገዛሁት ግን ጭብጥ ሳደርገው ውኃ አንጠባጠበ። ጥላ ውስጥ አስጥቼ መልሼ ብመዝነው ከሩብ በላይ ቀሏል። እርጥበት የግድ ነው። ክው ብሎ ከደረቀ ውስጡ ያለው ሕይወት ይሞታል። ጨብጠውት ቅርጽ ከያዘና ውኃ ካልወጣው በቂ ነው። ከወጣው ግን ውኃ በኪሎ እየገዛችሁ ነው። ሄጄ ስነግራቸው «እትዬ፣ ሸራው ስላፈሰሰ እኮ ነው» አሉኝ። ሸራውን የማሠራው እኔ ነኝ እንዴ? በመጨረሻ ሁለት ጣሳ ምርቃት ጨምረው አሳቁኝ። ምርቃቱ ጥሩ ነው፤ በኪሎ ፋንታ በባልዲ ቢሸጡ ግን ከጭቅጭቁ እንገላገላለን።

ዋናው ጥያቄ ግን ይሠራል ወይ ነው። ሦስት መደብ አዘጋጀሁ። አንዱ ላይ የትል ማዳበሪያ፣ በካሬ ሁለት ኪሎ ያህል። አንዱ ላይ አማቴና እኔ ያበሰልነው ብስባሽ። ሦስተኛው ላይ ምንም። በሦስቱም የአበሻ ጎመን፣ ከዚያ ካሮት። ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ነው የታየው። የትሉ መደብ ችግኝ ከተተከለ በኋላ ሳይደነግጥ ቀጥ አለ፣ ሥሩም ቶሎ ያዘ። የብስባሹ ዘገየት ብሎ ተነሣ። ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ሲገባ ሁለቱን ጎመኖች አይቶ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ከባድ ነበር። ምንም ያላገኘው መደብ ግን የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቀረ። የማርቆስ ክረምት መሬቱን አጥቦ ነው የሚሄደው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ግን ቶሎ ስለሚሟሟ ዝናቡ ይዞት ይሄዳል። ብስባሽም የትል ኩስም ንጥረ ነገሩን ቀስ እያለ ነው የሚሰጠው።

በካሮቱ ግን ትሉ አሸንፏል፤ ክርክር የለውም። በደንብ ያልበሰለ ፍግ ያለበት አፈር ላይ ካሮት ሁለትና ሦስት እግር ያወጣል። የእኛ ብስባሽ ውስጥ ያልበሰለ ጓል ነበረና አንዳንዱ ካሮት ሱሪ የታጠቀ ይመስል ነበር። ከትሉ መደብ የተነቀለው ቀጥ ያለ ነው። አማቴ አንዱን አጥበው ቀመሱና ምንም ሳይሉ ሁለተኛውን አነሡ።

ታዲያ ለምን ሁሉን በትል አላደርገውም? ሂሳቡ አይፈቅድም። ለሃምሳ ካሬ በካሬ ሁለት ኪሎ ካልን አንድ ኩንታል ነው፤ አራት ከረጢት፣ 2,000 ብር። በዓመት ሁለት ጊዜ ከተዘራ 4,000። የጎመን ነገር ይህን ያህል አያስወጣም። አንድ ጋሪ ፍግ ባለፈው የገዛሁት በ300 ብር ነው፣ የባለ ጋሪውን ልመና ሳንቆጥር።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ስለዚያ ብስባሽ ልንገራችሁ። አሠራሩ ከአማቴ ነው፤ ጥቂቱን ብቻ ነው ያሻሻልኩት። ከታች አየር እንዲያስገባ ጭራሮ ይነጠፋል። በላዩ ጭድና ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ እርጥብ ነገር፦ የጎመን ግርዳሽ፣ አረም ዘር ሳያፈራ፣ የብሳናና የግራዋ ቅጠል። ከዚያ ፍግ፣ ከዚያ ስስ አፈር። እንደገና ከጭዱ ይጀመራል። ደረቁ ከእርጥቡ መብዛት አለበት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይግባ። ማርቆስ ውስጥ እሱን ማስወገድ ቀላል አይደለም፤ ነፋስ ራሱ አምጥቶ ይደፋዋል። ክምሩ ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር ካልሞላ ሙቀት አይዝም። መሃሉ ላይ ረዥም ዱላ ተክላችሁ በየጊዜው እየነቀላችሁ በእጅ ዳብሱት። በደህና ከተከመረ መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ ዱላውን ይዞ መቆየት ያቅታል። የአረሙን ዘርና በሽታውን የሚገድለው ይኸው ትኩሳት ነው። ዱላው ከቀዘቀዘ መገልበጥ ነው። በክረምት ከላይ በላስቲክ ይሸፈን፣ አለዚያ ዝናቡ ምርጡን ይዞ ይወርዳል። ሦስት አራት ወር ይፈጃል። የማርቆስ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

ጥሬ ፍግ በቀጥታ ጓሮ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ሙጃና ሳማ ሲወርሳቸው ያማርራሉ። ላሟ የበላችው ዘር እኮ ነው የበቀለው። ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ ደግሞ ጥሬ ፍግ በፍጹም።

አመድ ላይ አማቴና ልጆቹ ተጋጭተዋል። እኔም መሃል ገብቻለሁ። የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ቀይ አፈር አሲድ ይበዛዋል። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይፈታና ሥር ይመርዛል፣ ፎስፈረሱም አፈሩ ላይ ተጣብቆ ለተክሉ አይደርሰውም። ለዚህ ነው ገበሬው ኖራ የሚበትነው፤ ደጀን አካባቢ ድንጋዩ አለ። ለጓሮ ግን የምድጃ አመድ ያንኑ ሥራ በትንሹ ይሠራል፣ ፖታሲየምም ይጨምራል። አማቴ ይህን ሁሉ ስም ሳይጠሩ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውበታል። ስለዚህ አመድ ላይ አማቴ ልክ ናቸው። ልጆቹ ደግሞ «እማማ፣ ትሉ ሳጥን ላይ እንዳይነሰንሱ» ሲሉ እነሱም ልክ ናቸው። አመድ ሲበዛ ትሉን ያቃጥለዋል። ትኩስ ፍግ ላይ ከተደፋም ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ አየር ላይ ይተናል፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍገው ሽታ እሱ ነው። ድንች ያለበትም አመድ አይወድም፣ ቆዳው እከክ ያበቅላል። አመዱን ለብቻው፣ ከመትከል በፊት መደቡ ላይ ሳሳ አድርጎ መበተን። በዚህ ተስማምተናል፤ አማቴ ግን ማታ ማታ አንድ ሁለት እፍኝ የትም ጣል እንደሚያደርጉ አውቃለሁ።

ከሁሉም የወደድኩት አገልግሎታቸው ሳጥኑ ነው። ከባሕር ዛፍ ጣውላ የተሠራ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው፣ ባለ ክዳን ሳጥን 1,500 ብር፤ ግማሽ ኪሎ ትል ደግሞ 1,000 ብር። ቤት ድረስ መጥተው ይተክሉላችኋል። የመጣው ልጅ ጎበዝ ነበር። ጥላ መረጠ፣ እርጥብ ካርቶን ቀዳድዶ አነጠፈ፣ የበሰለ እበት ጨመረ፣ ትሉን ከላይ አድርጎ ራሱ እስኪገባ ጠበቀ። ጉንዳን እንዳይወጣበት የሳጥኑን አራት እግሮች ውኃ በሞሉ የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ውስጥ አቆማቸው። ዶሮ ያላችሁ ክዳኑን አጥብቁ፤ ዶሮ ካገኘችው አንድም አታስቀርም።

ምግቡ ከማድ ቤት ነው። የጎመን ግርዳሽ፣ የድንች ልጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል። ሽንኩርት፣ ሎሚና ብርቱካን አይወድም። ወጥ የነካው ነገር አይገባም፤ ጨውና ዘይት ይገድለዋል። ትራፊ እንጀራ በብዛት ከገባ ይሻግትና ይሞቃል፣ ትሉም ይሸሻል። ቤታችን ውስጥ ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚፈላ ትሎቹ ከእኛ ጋር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይላሉ።

የሚሉትን የክትትል ጉብኝት ግን አትመኑ። «በየወሩ እየመጣን እናያለን» ብለው ነበር። እኔ እየደወልኩ፣ ስልክ እያነሱ፣ «ነገ» እያሉ ከረመ። በመጨረሻ የመጣው ልጅ ያየው ነገር ሁሉ ደህና ነበር፤ እኔ ግን ለጉብኝቱም ከፍዬ ነበር። ወይ ይምጡ፣ ወይ ዋጋውን ይቀንሱ።

ሌላው የአየሩ ነገር ነው። ይህ ትል ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው የሚመቸው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ መብላቱን ይቀንሳል። ሳጥኑን ከማድ ቤቱ ግድግዳ አስጠግቼ ጆንያ ደርቤለታለሁ። ባሕር ዳር ያለች እህቴ ከዚሁ ትል ወስዳ ከእኔ ቀድማ ማዳበሪያ አወጣች፤ እዚያ ይሞቃል። እሷ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መጠንቀቅ አለባት፣ ሙቀቱ ከ35 ካለፈ ያልቃሉ። በደብተሬ ስሌት የእኔ ሳጥን ወጪውን የሚመልሰው በዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። ትሉ ሲበዛ ለጎረቤት ሰጥቻለሁ፤ ልጆቹ ይህን አይስሙብኝ።

በሃይላንድ እያደረጉ የሚሸጡትን የትል ፈሳሽ ግን ዝለሉት። «ማዳበሪያም ነው፣ ተባይም ይገድላል፣ በሽታም ይከላከላል» ይላሉ። ከሳጥኑ ሥር የሚንጠባጠብ ውኃ ነው። በውኃ ቀጥኖ ሥር ላይ ቢጠጣ ጥቂት ይጠቅማል። ጎመኔ ላይ የሰፈረውን ክሽክሽ ግን ንክች አላደረገውም። ሰላጣ ላይ ደግሞ መርጨት አይገባም፤ ካልበሰለ ነገር የወረደ ፈሳሽ ጀርም ሊኖረው ይችላል። ክሽክሹን የገደለው የነጭ ሽንኩርትና የሚጥሚጣ ውህዳቸው ነው፣ ያውም ፈሳሽ ሳሙና ስላለበት። ሳሙናው የነካውን ነው የሚገድለው። ስለዚህ የቅጠሉን ጀርባ ካላረሰረሳችሁትና ካልደጋገማችሁት ዋጋ የለውም። ያንን ደግሞ ቤት መሥራት ይቻላል። ቲማቲሙን ምች ሲመታው የሚያድነው ፈሳሽ ግን እነሱም የላቸውም፣ እኔም የለኝም። በክረምት ቲማቲም ያለ መጠለያ አትትከሉ።

ችግኝም ይሸጣሉ። ቆስጣውና ቃሪያው ደህና ነው። የጎመን ዘር ግን አልገዛም። ጓሮዬ ውስጥ ጠንካራዎቹን እስኪያፈሩ ትቼ አማቴ በጨርቅ ቋጥረው ጭሱ አጠገብ ይሰቅሉታል።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ በር የሚከፍት ላይኖር ይችላል። ከረጢቱ ከመታሰሩ በፊት ጭብጥ አድርጉና እዩት። የገዛችሁት ከሁለት ከረጢት በላይ ከሆነ የባጃጁን ግማሽ እነሱ ይከፍላሉ፤ ካልጠየቃችሁ ግን አያነሱትም። ለትል ደግሞ የራሳችሁን ባልዲ ያዙ፣ የእነሱ ባልዲ 150 ብር ነው።